በሩ ላይ የተለጠፈው እጅ ጽሑፍ

«ማነው የጻፈው? ወንድ ከሆነ ይውጣና ይናገር!» እያለ ካቦው በስፌት ቤቱ የብረት በር ፊት ቆሞ ይጮሃል። ከፊቱ የተኮለኮሉት ሁሉም ሴቶች ስለሆኑ አንዷ ከኋላ፣ «እንግዲያው እኛን አይመለከትም፣ እንግባ» ብላ አጉተመተመች። ሁለት ሦስቱ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም፤ ካቦው ፊቱ ቲማቲም መስሎ ዞር ሲል ሁሉም ጸጥ አሉ። በሩ ላይ የመስኮት መስታወት የሚያህል ነጭ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ በወፍራም ጥቁር ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ «በሩን ከውጭ ለምን ትቆልፋላችሁ? እሳት ቢነሳ በየት እንውጣ?»

ነገሩ ለማንም አዲስ አልነበረም። ጠዋት ሴቶቹ ገብተው ሲያበቁ ዘበኛው በሩን ከውጭ ይከረችምና ቁልፉን ኪሱ ይከታል። እስከ ምሳ ድረስ አይከፈትም፤ ከምሳ በኋላም እንዲሁ። ጨርቅ እየተሰረቀ ነው ተብሎ የመጣ ደንብ ነው። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ያሉ፣ በብረት ፍርግርግ የታጠሩ፣ ድመት እንኳ የማታልፍባቸው ናቸው። ሁሉም ሴት ይህን በሆዷ ይዛ ነው የምትሰፋው። አፍ አውጥታ የተናገረች ግን የለችም፤ ሥራ እንደ ልብ አይገኝማ።

እናትየዋ፣ ከአንድ ልጇ ጋር የምትኖረው ተኳሿ፣ የደረሰችው መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ ቤት ካውያ ከያዘች ቆይታለች፤ የተሰፋው ሸሚዝ ሁሉ በእሷ እጅ ሳይተኮስ ወደ ሱቅ አይወጣም። ሴቶቹ እትዬ ይሏታል። ማንበብ የተማረችው ጸጉሯ ከሸበተ በኋላ፣ ማታ ማታ ለትልልቅ ሰዎች በሚሰጠው ትምህርት ስለሆነ አሁንም ስታነብ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። «በ… ሩን…» ብላ ጀመረችና ቆመች። ቃሉ ትርጉም ሳይሰጣት በፊት ፊደሉ ያዛት። የ«በ» የግራ እግሩ አጥሮ ያነክሳል። የ«ው» ክብ ዞሮ ዞሮ ሳይገጥም ቀርቷል። በየመስመሩ ጫፍ ላይ፣ ጸሐፊው ደክሞት ያረፈ ይመስል፣ የቀለም ጠብታ ተቀምጧል። ጠብታውን ታውቀዋለች። እስክሪብቶው የሚሸሻት ይመስል አንቃ ስለምትይዘው የሚመጣ ነው፤ መምህሯ «አይነቁት እትዬ፣ የትም አይሄድም» እያለች ስንቴ ስቃለች። ይህ የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሰው መንገድ ላይ የራሱን ልብስ ለብሶ፣ የራሱን አረማመድ የሚራመድ ራሱን ቢያይ እንዲህ ይሆን ይሆናል። እሷ አልጻፈችም። እንዲህ ያለ ትልቅ ወረቀትም ቤቷ ገብቶ አያውቅም። ነገር ግን ቃሉም የእሷ ነው፤ ማታ ቤቷ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ የምትለው፣ አንድ ሳይጨመር አንድ ሳይቀነስ። «በእንቅልፌ ተነስቼ ይሆን?» አለች በልቧ። ሁለቱን እጆቿን፣ አንዳች ነገር የሰረቁ ይመስል፣ ብብቷ ውስጥ ሸሸገቻቸው።

ካቦው ወረቀቱን ገንጥሎ አጣጠፈው። «ይሄ የለማጅ ጽሑፍ ነው» አለ። «የሚጽፍ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ማታ ማታ ፊደል እንቆጥራለን፣ በጊዜ ልቀቁን የምትሉት ሁለታችሁ! ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ይመጣሉ። እሳቸው ፊት ትጽፋላችሁ። ያኔ እንተያያለን።»

ሁለቱ እሷና ክር ለቃሚዋ ናቸው። ክር ለቃሚዋ ከሸሚዙ ላይ የተረፈውን ክር በመቀስ እያጠራች ለካውያ የምታቀብል፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ወጣት ሴት ናት። ትምህርቱን የጀመረችው በቅርቡ ነው፤ ያውም እናትየዋ ጎትታ አስገብታት። አሁን ተጠግታ በጆሮዋ፣ «እትዬ፣ የእኔን ጽሑፍ አይመስልም? ልቤ እኮ ቀጥ አለች! ግን እኔ ይሄን ሁሉ ልጽፍ? የጥያቄ ምልክት መች ደረስኩና!» አለችና ልትስቅ ሞከረች። እናትየዋ ጆሮዋ አልሰማም። የምታስበው ስለ ከሰዓት በኋላው፣ ስለ ራሷ እጅ ብቻ ነበር።

በሩ ከኋላቸው ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። ያንን ድምፅ በየቀኑ ትሰማዋለች፤ ዛሬ ግን አንገቷ ላይ የተቆለፈ መሰላት። ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የስፌት መኪኖቹ ተደርድረዋል፣ በሌላው በኩል ጥቅል ጨርቅ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፣ መሬቱ ቁርጥራጭና ብናኝ ነው። የእሷ ጠረጴዛ መጨረሻው ጥግ ላይ፣ ከበሩ ከሁሉም የራቀው ቦታ ነው። የካውያው ገመድ አርጅቷል፤ የተላጠበት ቦታ ሁሉ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ይቀየርልኝ ብላ ለካቦው ነግራው፣ «የምትተኩሺው በካውያው ነው ወይስ በገመዱ?» ብሎ አስቆባታል። አሁንም እየተኮሰች ታስባለች። ከተባረረች በዚህ ዕድሜዋ ማን ይቀጥራታል? ኪራዩን ልጇ ብቻዋን አትችለውም። ልጇ ኮምፒውተር ላይ ፊደል ትነድፋለች። ጎረቤቶች ሲጠይቋት «ልጄ ፊደል ትሠራለች» ትላለች፤ «ፊደል ድሮ ተሠርቶ አላለቀም እንዴ?» ይሏታል። እሷም መልሱን አታውቀውም። የምታውቀው ልጅቷ አንዲት ፊደል ላይ ሳምንት ሙሉ አፍጥጣ እንደምትውል፣ ገቢዋም አንድ ወር መጥቶ አንድ ወር እንደሚቀር ነው። ስለ ልጇ ስታስብ አንድ ነገር ልቧን ጫር አደረገው። ያንን ቃል ከአፏ የሰማ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

ገመዱ «ጠሽ» ያለው በዚህ መሐል ነው። ሰማያዊ ብልጭታ ከፕላስተሩ ሥር ዘለለና መሬቱ ላይ ካለው ቁርጥራጭ ላይ አረፈ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፣ ቀጭን ጭስ ተነሳ። አንዷ «እሳት!» አለች፤ መኪኖቹ ተራ በተራ ዝም አሉ። ክር ለቃሚዋ ሮጣ ሶኬቱን ነቀለችና የሚጨሰውን ቁርጥራጭ በጫማዋ መረጋገጥ ያዘች፤ ሌሎቹ ወደ በሩ ተንጋጉ። በሩ እንደተከረቸመ ነው። ዘበኛው ሻይ ሊጠጣ ይሁን ሲጋራ ሊገዛ አጠገቡ የለም። ከሁሉ ቀድሞ በሩን የሚደበድበው ካቦው ነበር። «ክፈት! አንተ ሰውዬ፣ ኧረ ክፈት!» ድምፁ ቀጥኖ የሕፃን ድምፅ ሆኗል። እናትየዋ ካውያዋን እንደያዘች ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ያንን የዘወትር ቃሏን ልትጮኸው አፏን ከፈተች፤ ምላሷ ግን ከላንቃዋ ጋር ተጣብቆ ቀረ።

እሳቱ ጥቅሉን ሳይይዝ ጠፋ። ዘበኛው ቆይቶ፣ አፉ ውስጥ የቀረውን ዳቦ እያላመጠ በሩን ሲከፍት ካቦው ሸሚዙን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገና «ምንም አልሆነም! ወደ ሥራ!» አለ። የማንንም ዓይን ግን አላየም። ክር ለቃሚዋ የጫማዋን ሶል ገልብጣ እያየች፣ «ሶሉ ቀለጠ፤ ይሄንንም ከደመወዜ ይቆርጡት ይሆን?» ስትል ሴቶቹ ከድንጋጤያቸው ሳይወጡ ሳቁ። ካቦው ካውያውን አንስቶ እናትየዋን አስታቀፋትና «ሂጂ አሠርተሽው ነይ። ባለቤቱ ሳይመጡ ተመለሺ» ብሎ አስወጣት።

ጠጋኙ ሰውዬ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ በሬዲዮና በማራገቢያ ሬሳ ተከቦ ተቀምጧል። ካውያውን ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። «ይሄንን እኮ ጡረታ ማውጣት ነው የሚሻለው! ገመድ ደግሞ ዋጋው ሰማይ ወጥቷል፣ ለቀጣሪዎችሽ ንገሪያቸው።» እሷ አልሳቀችም፣ ዋጋም አልተከራከረችም። ሰውዬው ግራ ገብቶት ዓይን ዓይኗን አያት፤ እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። «ምሳ ሰዓት ላይ ይደርሳል» አላት። ወጥታ ወደ ስፌት ቤቱ አልተመለሰችም። እግሯ ወደ ልጇ መሥሪያ ቤት ወሰዳት።

መሥሪያ ቤቱ ከመስታወት ቆራጩ ሱቅ በላይ፣ ጠባብ ደረጃ ተወጥቶ የሚገባበት አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ከዚህ በፊት የመጣችው አንድ ጊዜ፣ ልጇ የረሳችውን መነጽር ልታደርስ ብቻ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ከውስጥ ድምፅ ሰማች። «ሆዱ ከብዷል፣ ትንሽ ይክሳ» ይላል አንዱ። «ተወው ይክበደው! ይልቅ ትከሻው ወድቋል» ትላለች ሌላዋ። «እግሩን ግን እንዳትነኩት። ማነከሱ እኮ ነው ነፍሱ።» እናትየዋ የታመመ ሰው የሚያሙ መሰላትና አፈረች። ከዚያ ቀስ ብላ ገፋ አደረገችው። የሚታማው ሰው ሳይሆን ፊደል ነው። አራት አምስት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ግድግዳ ፊት ቆመዋል። ግድግዳው ላይ፣ የእሷን ቁመት የሚያህል፣ የግራ እግሩ ያጠረ «በ» ተለጥፏል። ከጎኑ ያልገጠመው «ው» አለ። ጠብታዎቹ የሻይ ሲኒ ማስቀመጫ አክለዋል። በሚስጥር፣ በኩሽና መብራት፣ ማንም እንዳያየኝ ብላ የጻፈችው ሁሉ ተገልጦ፣ ገዝፎ፣ እርቃኑን ቆሟል።

«እማ!» ልጇ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ብድግ አለች። «ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

እናትየዋ ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀሰረች። ልጅቷ ግድግዳውን አየች፣ እናቷን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች። «ልነግርሽ ነበር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እስኪያልቅ ነበር የጠበቅሁት። ስትጀምሪ በቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ የተለማመድሽባቸው ወረቀቶች ናቸው። ጣይልኝ ብለሽ የሰጠሽኝ። አልጣልኳቸውም። እንዲህ የሚጽፉ ሰዎች እኮ የራሳቸው ፊደል የላቸውም፣ እማ። ማተሚያ ቤት ያለው ፊደል ሁሉ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው የሠራው ነው።»

«በሩ ላይስ ማን ለጠፈው?»

ሁሉም ከግድግዳው ዞሩ። ጺሙ ደረቱ የደረሰ፣ ጣቶቹ በቀለም የጠቆሩ ሰውዬ ፊቱ በራ። «ለካ አይተውታል! እኔ ነኝ እናቴ፣ ጎህ ሳይቀድ ሄጄ» አለ ልክ ምስጋና እንደሚጠብቅ። «እኛ ጋ አንድ ልማድ አለች። አዲስ ፊደል ሲያልቅ አትመን መንገድ ላይ እንለጥፈውና ተሻግረን ከማዶ እንቆማለን። የሚያልፈው ሰው ቆሞ ካነበበው ፊደሉ ሠርቷል፤ ካላነበበው ተመልሰን እናሻሽላለን። ሌሎቹን አጥር ላይ ለጠፍናቸው። ይህችኛዋ ግን፣ ልጅዎ እንደነገረችኝ፣ ስለ እናንተ በር ስለምታወራ ከዚያው በር የተሻለ ምን ቦታ አላት አልኩ። ምነው፣ ሰው አነበባት? ማንበብ አላስቸገረም?»

«ማንም አልተቸገረም» አለች እናትየዋ።

ከዚያ ተቀምጣ፣ የሰጧትን ውሃ እየተጎነጨች ነገረቻቸው። ጺማሙ ሰውዬ እየሰማ ቀስ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስለ ፊደሉ ሆድና ትከሻ ሲያስብ ዓረፍተ ነገሩ የሰው እንጀራ ላይ ይደርሳል የሚል ሐሳብ አንድም ጊዜ አልመጣለትም። «እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «የሰው እጅ አለመሆኑን ማሳየት ቀላል ነው። ይዩት እናቴ፣ እዚህ ያለው ‹በ› እና እዚያ ያለው ‹በ› አንድ ናቸው። ጠብታዋ እንኳ አንድ ቦታ ናት። ሰው እንዲህ አድርጎ ሊጽፍ አይችልም፤ ኮምፒውተር ነው።» እናትየዋ አየች። እውነቱን ነው። እሷ በሕይወቷ ሁለት ተመሳሳይ «በ» ጽፋ አታውቅም። ለቅጽበት ደረቷ ላይ የተጫነው ድንጋይ የተነሳ መሰላት። ከዚያ የካቦው ፊት መጣባት። ኮምፒውተሩ የማን ነው? ይላል። ፊደሉን ማን ሠራው? ይላል። ጺማሙ አንድ ቃል ሲተነፍስ የልጇ ስም ይወጣል፤ ሰው ይዘው ይህን ደረጃ ይወጣሉ። እሷ ሥራዋን ብታጣ አንድ ነገር ነው። ልጇን ከዚህ ክፍል እጇን ይዘው ሲያወርዷት ማየት ግን ሌላ ነው። «ማንም እንዳይመጣ» አለች ብድግ ብላ። «ማናችሁም እዚያ ሰፈር ዝር እንዳትሉ።»

«እማ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ…»

«ዝም በይ አልኩ!»

ልጅቷ ደረጃውን ተከትላት ወረደች። ከመስታወት ቆራጩ ሱቅ የመስታወት መፋቅ ድምፅ ይመጣል፤ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ነው። በሁለቱ መካከል ልማዳቸው ይህ ነው፤ ነገር ሲከብድ ስለ ምግብ ይጠያየቃሉ። «ምሳ በልተሻል?» አለች ልጅቷ። «በልቻለሁ» አለች እናትየዋ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ብቻ የቀመሰችው። እግረኛ መንገዱ ላይ ሲደርሱ እናትየዋ ሳትዞር፣ «ለምን ያንን ቃል?» አለቻት።

ልጅቷ እርምጃዋን ከእናቷ ጋር አስተካከለች። «አዲስ ፊደል ሲሠራ መሞከሪያ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል። ሌሎቹ ስለ አበባ፣ ስለ ጨረቃ ይጽፋሉ። እኔ ያንቺን ፊደል ፊቴ አድርጌ ስቀመጥ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው። ማታ ማታ ጫማሽን ስታወልቂ የምትይው እሱን ነው፣ እማ። በየቀኑ ትይዋለሽ። የምሰማሽ አይመስልሽም?»

እናትየዋ ልጇን መንገዱ ላይ ትታ፣ ካውያዋን ከጠጋኙ ተቀብላ፣ ደረቷ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ወደ ስፌት ቤቱ ስትመለስ ዘበኛው ከፍቶ አስገባትና ከኋላዋ ቆለፈ። ቀጭ።

ባለቤቱ ቀድመው መጥተዋል። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሰው ናቸው፤ ሴቶቹ ከካቦው ጩኸት ይልቅ የእሳቸውን ለስላሳ ድምፅ ይፈሩታል። በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጠዋል። የተገነጠለው ወረቀት ፊታቸው ተዘርግቷል፣ ከጎኑ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ተቀምጧል። መኪኖቹ ይንጫጫሉ፣ ግን ማንም የሚሰፋውን አያይም። «ይቀመጡ እናቴ» አሏት፣ «አይጨነቁ፣ ካቦው የሚልዎትን ብቻ ይጻፉ።» ካቦው ከበሩ ላይ የነበረውን ቃል በቃል ጮክ ብሎ አነበበ። እናትየዋ እስክሪብቶውን አነሳች። አሁን «በ» ማነከስ ይጀምራል፣ አሁን ጠብታው ይወድቃል፣ አሁን ያልቅልኛል እያለች ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይሄማ አይደለም» አለ ካቦው፣ የተታለለ ሰው ይመስል።

ዓይኗን ገለጠች። ወረቀቱ ላይ ያለው «በ» በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። «ው»ም ገጥሟል። ጠብታ የሚባል የለም። ልጇ ያስቀመጠችው የጀማሪነቷን እጅ ነበር፤ እሷ ደግሞ ማታ ማታ ስትጽፍ፣ ሳታውቀው፣ ከዚያ እጅ ወጥታ ሄዳለች። ባለቤቱ ወረቀቷን ብድግ አድርገው «ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ይበርቱ» አሉና ወደ ጎን አደረጉት። «ሌላዋ ትምጣ።»

ክር ለቃሚዋ መጥታ ተቀመጠች። እናትየዋ ወደ ካውያዋ እየሄደች ነበር፤ የእፎይታ ትንፋሿን ገና አልጨረሰችም። ከዚያ የእስክሪብቶው ድምፅ ቆማ እንድታይ አደረጋት፤ ወረቀቱን እየፋቀ የሚሄድ፣ የታነቀ እስክሪብቶ ድምፅ። ከትከሻዋ በላይ አየች። የመጀመሪያው «በ» የግራ እግሩ አጠረ። ክቡ ዞሮ ዞሮ ሳይገጥም ቀረ። በመስመሩ ጫፍ ላይ ጠብታ አረፈ። የጠዋቱ ቃል አሁን ጆሮዋ ውስጥ ገባ፤ የእኔን ጽሑፍ አይመስልም? ብላት ነበር። ክር ለቃሚዋ የጥያቄ ምልክቱ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ፣ «ይቺን ገና አልተማርናትም» አለች። ካቦው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ይኸው! ወሬ ምን ያደርጋል፣ ይኸው!» ባለቤቱ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩና በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ «እቃሽን ያዢና ውጪ» አሏት።

«በልጆቼ ሞት!» አለች ክር ለቃሚዋ። «በሁለቱም ልጆቼ ሞት አልጻፍኩም!» የቀለጠው ጫማዋ መሬቱ ላይ ተጣብቆ ስትነሳ ጠርር ብሎ ተላቀቀ። እናትየዋ ካውያዋን ለመሰካት ጎንበስ ብላ ነበር። መሰካት ብቻ ነው። አዲሱ ገመድ ያብረቀርቃል፣ እሷ ነፃ ናት፣ ልጇም ነፃ ናት፣ ማንም ምንም አላወቀም። ሶኬቱን አስጠጋችው። ቀዳዳውን አጣችው።

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ሰማች። የራሷ ነበር።

«ምኑን ነው እርስዎ?» አሉ ባለቤቱ።

«ወረቀቱ የእኔ ነው።»

ካቦው ሳቀ። «እትዬ፣ አሁን አይደለም እንዴ ያየነው! ያንቺማ ቆንጆ ነው።» ዕድሜዋን ሙሉ ጽሑፏን ቆንጆ ያላት ሰው አልነበረም፤ ካለም ዛሬ ሆነ። መጥታ እስክሪብቶውን ከክር ለቃሚዋ እጅ ወሰደች። እንደ ድሮው አንቃ ይዛ «በ»ን ልታሳጥረው ታገለች። እጇ እምቢ አላት፤ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደግማ ሞከረች፣ አሁንም ቆመ። ሴቶቹ መስፋት አቁመዋል። ያን ጊዜ እስክሪብቶውን አስቀመጠችው። ወረቀቱን ሳታይ፣ ባለቤቱን እያየች፣ ጠዋት ጉሮሮዋ ላይ የቀረውን አወጣችው፦

«በሩን ከውጭ ለምን ትቆልፋላችሁ? እሳት ቢነሳ በየት እንውጣ?» ድምፅዋ ተሰነጠቀ፣ ግን አልቆመም። «ይሄ የእኔ ቃል ነው። ማታ ማታ ቤቴ እለዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ጭሱ ሲነሳ እዚህ ልለው ፈልጌ አቃተኝ። እሷ ምንም አታውቅም። እሷማ እሳቱን በጫማዋ ያጠፋች ናት።»

«ምን ጭስ?» አሉ ባለቤቱ። ወደ ካቦው ዞሩ። ካቦው የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ። ጠዋት በሩን የደበደበበት መዳፉ አሁንም ቀልቷል።

«ማን ለጠፈው?» አሉ ባለቤቱ ወደ እሷ ተመልሰው።

«እኔ።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።» ባለቤቱ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉ። «ትልቅ ሴት አልሰድብም» አሉ። «እቃዎን ይያዙ።» ክር ለቃሚዋን በጣታቸው ወደ ሥራዋ መለሷት። ዕቃዋ አንድ የሻይ ኩባያ፣ አንድ ሽርጥና የቤት ጫማ ነበር። በላስቲክ ከረጢት አድርጋ በመኪኖቹ መሐል ስታልፍ ክር ለቃሚዋ ክንዷን ያዝ አድርጋ ለቀቀቻት፤ ጣቶቿ በረዶ ሆነዋል። ዘበኛው ሊያስወጣት በሩን ከፈተ።

የከሰዓት ፀሐይ ዓይኗን ወጋት። መንገዱን እንዴት እንደተሻገረች አታውቅም። ማዶ ስትደርስ፣ ልክ ፊደል ሠሪዎቹ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ያነብ እንደሆነ ሊያዩ በሚቆሙበት ቦታ፣ ልጇ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አትምጪ ተብላ መጥታለች። ዓይኗ አብጧል። ከረጢቱን ስታይ ሁሉም ነገር ገባት። «እማ…» ብላ ጀመረች።

«ዝም በይ» አለች እናትየዋ። ወደ ስፌት ቤቱ ዞራ ጆሮዋን አቀናች። «እያዳመጥኩ ነው።»

ልጅቷ ምን እንደምትሰማ አልገባትም። መኪና አለፈ፣ ሌላ መኪና አለፈ። እናትየዋ ያንን የምታውቀውን ድምፅ ትጠብቃለች፤ እያንዳንዱን ጠዋት፣ እያንዳንዱን ከሰዓት የሰማችውን። ልቧ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ይመታል። የነገ ዳቦ፣ የወሩ ኪራይ፣ ነገ ደግሞ ልጇን ፍለጋ ሊመጡ የሚችሉ ሰዎች፣ ሁሉም እዚያው ልቧ ውስጥ ናቸው፤ አንዱም አልሄደም። ዘበኛው በሩን ሲገፋው ታየ። በሩ መጣ፣ መጣ፣ ከዚያ አንድ ነገር አስቆመው። ዘበኛው ጎንበስ ብሎ አየና ወደ ውስጥ ተናገረ። ከውስጥ የክር ለቃሚዋ ድምፅ መንገዱን ተሻግሮ መጣ፦ «ኧረ ለአየር ነው! ሽታው አልወጣልን ብሎ!» ካቦው ከኋላዋ ታየ። በሩን አየ፣ ዘበኛውን አየ፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወደ ውስጥ ገባ። ዘበኛው ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

እናትየዋ የልጇን እጅ ፈልጋ ያዘች። በበሩና በመቃኑ መካከል፣ በሩ እንዳይገጥም ተወትፎ፣ ትናንት እሷው ተኩሳ፣ አጥፋ፣ በገመድ ያሰረችው የነጭ ሸሚዝ እሽግ ይታያል።